ስለት ስለተሳልኩ ገዳም መግባት አለብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ቡራዩ ነው፣ 25 ዓመቴ ነው፣ ነርስ ነኝ። አምና እናቴ በጠና ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ ራሳቸው «እንግዲህ ጸልዩ» ማለት ጀምረው ነበር። አንድ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ «እናቴን ካተረፍክልኝ ገዳም ገብቼ ሲስተር ሆኜ አገለግልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። እናቴ ዳነች። ዛሬ እንጀራዋን ራሷ ትጋግራለች፣ ተመስገን። እኔ ግን ሰላም የለኝም። የገዳም እህቶችን ሳይ አንዳንዴ ልቤ አብሯቸው ይሄዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዕዳ እንዳለበት ሰው መንገድ ቀይሬ አልፋለሁ። ካልገባሁ እናቴ መልሳ ትታመምብኛለች የሚል ፍርሃት አለብኝ። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ገና ተማሪዎች ናቸው። እናቴ ስለቱን አታውቅም። ልግባ? ልተወው? ለእሷስ ልንገራት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር እናትሽን ማረልሽ። ጥያቄሽ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ተደራርቦበታል። እንቅልፍ ከሚነሳሽ ልጀምር።

እግዚአብሔር እናትሽን መልሶ ሊወስድብሽ አድፍጦ የሚጠብቅ አምላክ አይደለም። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ አሥር ለምጻሞች ከሩቅ ቆመው ጌታን ለመኑት። አሥሩም ነጹ። ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነው። ጌታም «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ውስጥ ሐዘን አለ። የዘጠኙ ለምጽ መልሶ ያዛቸው የሚል ቃል ግን ወንጌሉ ላይ ፈልጊ፣ አታገኚም። ውለታውን ረሱ ብሎ ምሕረቱን አልነጠቃቸውም። የተመለሰውንም ሰው እይው። እግሩ ሥር ወድቆ ሲያመሰግን ጌታ «በል እንግዲህ ዕድሜህን ሙሉ አገልጋዬ ሁን» አላለውም። «ተነሣና ሂድ፤ እምነትህ አድኖሃል» ብሎ ነው ያሰናበተው። ስለዚህ «ካልገባሁ እናቴ ትታመማለች» የሚለው ሐሳብ ሲመጣብሽ ከእግዚአብሔር የመጣ አድርገሽ አትቀበይው። እናትሽ ነገ ጉንፋን ብትይዛት እንኳ በአንቺ የተነሳ አይደለም። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ሰው ለምን እንደሚታመም ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ይህን ስል ስለት ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። እኛ አገር ስለት ምን ያህል እንደሚከበር አድገንበት እናውቀዋለን። ጎረቤቶቻችን ስለታቸው ሲሰምር ጃንጥላና ጧፍ ይዘው እልል እያሉ ሲሄዱ እናያለን፤ እኛ ካቶሊኮቹም ከዚያው ባህል ነን። መጽሐፈ መክብብም ምዕራፍ 5 ላይ ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል ይላል። አንቺ የተሳልሽው ደግሞ ጃንጥላ አይደለም። ሙሉ ዕድሜ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሕግ ስለት የሚባለው ታስቦበት፣ በነጻ ፈቃድ፣ ሊሆን ስለሚችልና ስለሚበልጥ በጎ ነገር ለእግዚአብሔር የሚገባ ቃል ነው። ታስቦበት የሚለው ላይ ቁሚ። እናቷ ተኝታባት፣ ለሊቱን በሙሉ ኮሪደር ላይ ስትንቆራጠጥ ያደረች ልጅ ምን ያህል አስባበት ነበር? በዚህ ላይ ፍርድ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ አንቺም ብቻሽን አትፍረጂ። ለቆሞስሽ፣ ለቁምስናሽ አባ፣ ንገሪያቸው። በቂ ምክንያት ሲኖር ቤተ ክርስቲያን ምእመንን ከግል ስለቱ የመፍታት ወይም ስለቱን በሌላ በጎ ሥራ የመለወጥ ሥልጣን አላት። አባ መንገዱን ያሳዩሻል። ይህ እግዚአብሔርን ማታለል ወይም የጓሮ በር መፈለግ እንዳይመስልሽ። ቃሉን የሰማው ጌታ ለቤተ ክርስቲያኑ «በምድር የምትፈቱት በሰማይ የተፈታ ይሆናል» ብሏታል።

ሌላም ነገር አለ። ሲስተር መሆን በአንቺ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ጥሪ በሁለት በኩል ነው የሚመዘነው። አንቺ ማኅበሩን ታያለሽ፣ ማኅበሩም አንቺን ያያል፤ ጤናሽን፣ ጠባይሽን፣ ለምን እንደመጣሽ። «ይህ መንገድ የአንቺ አይደለም» ብለው በፍቅር ሊመልሱሽ ይችላሉ። በእነሱ ፈንታ ደግሞ መሳል አትችዪም። ከሁሉም በላይ የቤተ ክርስቲያን ሕግ በኃይል፣ በከባድ ፍርሃት ወይም በማታለል ተገፍቶ የገባን ሰው ወደ ኖቪሲያት፣ ማለትም ከመሐላ በፊት ወዳለው የሙከራ ጊዜ፣ መቀበል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ያንቺ ፍርሃት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አባ ይመዝኑት። ብቻ የሕጉ ልብ የት እንደሆነ ልብ በዪ፤ ፈርቶ የመጣን ሰው ቤተ ክርስቲያን እያወቀች አትቀበልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

አንቺ ምስጋናን ዕዳ አድርገሽዋል። ዕቁብ መጀመሪያ የደረሰው ሰው እስኪያልቅ ድረስ ይከፍላል፤ እየሳቀም ይክፈል እየከፋው፣ ሲጨርስ ተገላገልኩ ይላል። እንዲህ ሆነሽ ከገባሽ እህቴ፣ ወይ አንድ ቀን «አሁንስ ከፍያለሁ» ብለሽ ትወጫለሽ፣ ወይ ደግሞ ሳትወጪ ውስጥሽ ይመራል። ሁለቱም ያሳዝናል። ራስን መስጠት ከተቀበሉት ነገር ደስታ ነው የሚነሳው፤ የሰጠው ጌታ ደግሞ ደረሰኝ አይጠይቅም።

መዝሙረኛው እንዳንቺው ጨንቆት ነበር። «ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምን እመልሳለሁ?» ይላል፣ መዝሙር 116 ላይ፤ በግእዙ ቁጥር 115 ነው። መልሱን ስታነቢ ይገርምሻል። «የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ።» ምን ልክፈል ብሎ ጠየቀና እቀበላለሁ ብሎ መለሰ! ስለቴን እፈጽማለሁ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጽዋው፣ ቀጥሎ ስለቱ። አንቺ ጽዋውን ዘለልሽው መሰለኝ። እናትሽ ከዳነች በኋላ ስለ መዳኗ ብቻ፣ ስለ ስለቱ ምንም ሳታነሺ፣ ቁጭ ብለሽ አመስግነሽ ታውቂያለሽ?

ቅዳሴያችንን አስቢው። ገና መግቢያው ላይ ካህኑ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው፣ ብለው ይጀምራሉ። ለምን እንደምናመሰግንም ይዘረዝራሉ፤ ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ወደ እርሱ ተቀበለን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። ሁሉም እርሱ ያደረገው ነው። በዚያች ደቂቃ ከእኛ የሚጠበቅ አንድም ነገር አልተነሳም። ሕፃን ያዘለችውም፣ አርፍዶ የገባውም፣ ሌሊት ሥራ አድሮ የሚያንቀላፋውም እኩል ያመሰግናል። የመሥዋዕቱ ነገር በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ የምንኩስናን ሕይወት ለልጆች ሳስተምር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ስለት ከተነሳ ደግሞ ሐናን ማንሳት የግድ ነው። ሐናም እንዳንቺ እያለቀሰች ነው የተሳለችው። ልጅ ብትሰጠኝ ላንተ እሰጠዋለሁ አለች፣ ሳሙኤልን ወለደች፣ ጡት ካስጣለችው በኋላ ሴሎ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወስዳ ሰጠችው። ስለቱ በዚያ አልቋል። የእኔ ልብ የሚቆመው ግን ቀጥሎ ባለው ነገር ላይ ነው። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ላይ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር ይላል። በየዓመቱ! ልጁ ያድጋል፣ ልብሱ ያጥረዋል፣ እሷ ደግሞ ርቃ ሆና ቁመቱን እየገመተች አዲስ ትሰፋለች። ያንን መደረቢያ ማንም አላስገደዳትም፣ ስለቱም ውስጥ አልነበረም። ስለቷን የፈጸመችውም መደረቢያውን የሰፋችውም በአንድ ልብ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል።

እዚሁ እኛ ዘንድም ልታዪው ትችያለሽ። ከከተማው ዳር፣ ወደ እናንተ መውጫ ላይ፣ እህቶች አቅመ ደካሞችን የሚጦሩበት ቤት አለ፤ የትምህርተ ክርስቶስ ልጆችን ይዤ እሄዳለሁ። አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሲስተር የአንዲት አሮጊት የእግር ጥፍር ስትቆርጥ አየሁ። ጥፍሩ እንደ ቀንድ ደርቋል፤ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውኃ አድርጋ እግሩን ዘፍዝፋዋለች። አሮጊቷ ይራገማሉ። «እጅሽን ይቁረጠው» ይሏታል። እሷ «እሺ እማማ፣ አንድ ጣት ብቻ ቀረች» ትላለች። አንዷ ስታልቅ ሌላኛዋን እግር አወጣች፣ ያም አምስት ጣት አለው። ከልጆቹ አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት፣ ሲስተሯም አብራት ሳቀች፣ አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ሲያልቅ እግራቸውን በፎጣ አድርቃ፣ ቅባት ቀብታ፣ ካልሲ አጠለቀችላቸው። ማንም አላመሰገናትም። ዕዳ ልክፈል ብላ የገባች ሴት እንዲህ ያለውን ቀን ስንት ዓመት ትችለዋለች? ነገም ያው ሳፋ ነው፣ ያው እርግማን ነው። ያቺ ሲስተር ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ጸልያ፣ ቆርባ ነው የመጣችው። ጠዋት የተቀበለችውን ነው ቀን የምትሰጠው፤ ስለዚህ አያልቅባትም።

የሚስዮናዊው የቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስም ነገር እንዲሁ ነው፤ የእኛ ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው። በ1839 እ.ኤ.አ. ከጣልያን ተነስተው አድዋ ገቡ፤ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፤ በ1860 ኤርትራ ውስጥ በረሃ መንገድ ላይ ሞቱ። አገሬው ምን አበድሯቸው ነበር?

አንቺ ልብሽ አብሯቸው የሚሄደው እህቶች የትኞቹ እንደሆኑ አልነገርሽኝም። ነርስ ስለሆንሽ ምናልባት ስድስት ኪሎ ያሉት የማዘር ቴሬዛ እህቶች ይሆናሉ። እነሱ ከንጽሕና፣ ከድህነትና ከመታዘዝ ሌላ አራተኛ መሐላ አላቸው፤ ከድሆች ሁሉ ለባሱት ድሆች በሙሉ ልብ፣ ያለ ዋጋ ማገልገል። ሌሎች ማኅበራት ትምህርት ቤት ላይ ያተኩራሉ፣ ሌሎቹ ክሊኒክ ላይ፣ ሌሎቹ ጸሎት ላይ ብቻ። ልብሽ የሚሄደው ወደ ሥራው ነው፣ ወደ ጸሎታቸው ነው፣ ወይስ ወደ ልብሳቸው? ይህን ሳታጣሪ የትም በር አታንኳኪ።

አሁን ወደ ኪራዩና ወደ ወንድሞችሽ ልምጣ። አንዳንድ ሰው «ለእግዚአብሔር ስትሰጪ ቤተሰብሽን እሱ ያውቃል» ብሎ ያጣድፍሽ ይሆናል። አትጣደፊ። በማርቆስ 7 ላይ ጌታ ለእናት ለአባት የሚገባውን እርዳታ «ቁርባን ነው» ብለው የሚከለክሉትን ክፉኛ ነው የገሠጸው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ወላጆቹ ያለ እሱ መኖር የማይችሉ ሰው እነሱን ጥሎ ገዳም መግባት አይገባውም ብሎ አስተምሯል። ልብ አድርጊ፣ ይህን ያለው ቶማስ ራሱ የዶሚኒካውያን ማኅበር መነኩሴ እንዳይሆን ቤተሰቦቹ ይዘው አንድ ዓመት ያህል ያገቱት ሰው ነው። የእሱ ቤተሰቦች ግን ባለጸጎች ነበሩ፣ የሚበሉት አላጡም። የእሱ ጉዳይና ያንቺ ጉዳይ አንድ አይደለም። ስለዚህ በሐቅ አስቢው። ወንድሞችሽ ስንተኛ ክፍል ናቸው? የመጀመሪያው ሥራ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ዓመት ብትጠብቂ ጥሪ ከሆነ አይጠፋም። ቤቱ ያለ አንቺ መቆም ከጀመረ በኋላም «ወንድሞቼ፣ ወንድሞቼ» ካልሽ ግን ያኔ መሸሸጊያ አድርገሻቸዋል። ይህንም አስቀድሜ ልንገርሽ።

መንገዱ ረጅም መሆኑም ይርዳሽ። መጀመሪያ እየሄድሽ ታያቸዋለሽ፣ ከዚያ አስፒራንት፣ ፖስቱላንት የሚባሉት የመግቢያ ደረጃዎች አሉ። ኖቪሲያቱ ቢያንስ 12 ወር ነው። ከዚያ የመጀመሪያው መሐላ፤ እሱም ለጊዜው ነው፣ ከ3 ዓመት አያንስም። የዘላለሙ መሐላ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በየደረጃው «በነጻ ፈቃድሽ ነው ወይ?» ትባያለሽ። አንቺ በአንድ ሌሊት ልትጨርሺው የፈለግሽውን ነገር ቤተ ክርስቲያን ስንት ዓመት ወስዳ እንደምታየው አየሽ?

እና ምን ላድርግ ላልሽው። በዚህ ሳምንት አባን አነጋግሪ፣ የስለቱን ነገር ለእሳቸው አስረክቢ። ከስለቱ ከተፈታሽ ወይም ስለቱ ከተለወጠልሽ በኋላ ምንም አትወስኚ፤ ጥቂት ወራት ልብሽን ብቻ እዪው። እፎይ ብለሽ፣ እህቶቹም ትዝ ሳይሉሽ ቀሩ? እንግዲያው የያዘሽ ፍርሃቱ ነበር፤ ሐፍረት የለበትም። በነርስነትሽ፣ ነገም በትዳርሽ፣ ያንን ሌሊት እያሰብሽ ኮሪደር ላይ የሚያለቅስ ሰው ስታዪ ጠጋ ብለሽ «አይዞሽ» በዪ። ማንም ሳያስገድድሽ፣ የሚያስፈራሽም ነገር ሳይኖር፣ ልብሽ አሁንም ወደ እነሱ ከሄደ ግን እሱን በቁም ነገር ያዢው። የእረፍት ቀንሽን እነሱ ጋር ሄደሽ ሥሪ፣ አብረሽ ጸልዪ፣ ከሲስተሮቹ አንዷን ስለ ሕይወቷ ጠይቂ። ያን ጊዜ ስለ ጥሪ ማውራት እንችላለን፣ እኔም በደስታ አወራሻለሁ።

ለእናትሽ ልንገራት ወይ ላልሽው፣ አዎ ንገሪያት። አባን ካነጋገርሽ በኋላ ግን ይሁን። ቀድመሽ ከነገርሻት ወይ «በእኔ የተነሳ ልጄ ሳታገባ ሳትወልድ ልትቀር ነው» ብላ ትሰበራለች፣ ወይ ደግሞ ስለት ስለምትፈራ ራሷ ትገፋሽ ይሆናል። ሁለቱንም ሸክም አትጫኚባት። «ለአንቺ ስል ነው» የሚለውንም ቃል ተይው። ያን ሌሊት ምን እንዳልሽ፣ አባ ምን እንዳሉሽ፣ ገና እንዳልወሰንሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። ብታለቅስ ታልቅስ። የኪራዩንና የወንድሞችሽንም ነገር በዚያው ቀን አንሺባት፤ እናትሽ ምን ያህል መሸከም እንደምትችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እስካሁን ግን የጠየቅሻት አይመስለኝም።